ማርቼሎ ማልፒጊና የኩላሊት ምርመራው

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አማርኛ ተናጋሪ ስለ ሰው ስውር ሐሳብ ሲያነሣ ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያመላለሰውን ብሎ መናገር ልማዱ ነው። አነጋገሩ እንደሚያመለክተው ኩላሊት ከጥንት ጀምሮ የረቂቅ ነገር ማደሪያ ተደርጎ ሲታሰብ ኖሯል። ይሁን እንጂ ይህ የአደንጓሬ ፍሬ የሚመስለው፣ ከአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ የተቀመጠው የሰውነት ክፍል ተግባሩን እንዴት እንደሚያከናውን ለብዙ መቶ ዓመታት በትክክል ያወቀ ሰው አልነበረም። በዓይን ብቻ ከሚታየው አልፈው የኩላሊትን ውስጣዊ አሠራር በማይክሮስኮፕ ከመረመሩት የመጀመሪያዎቹ ሊቃውንት አንዱ ኢጣሊያዊው ሐኪም ማርቼሎ ማልፒጊ ነው።

ማልፒጊ ማርች 10 ቀን 1628 በሰሜን ኢጣሊያ በቦሎኛ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው በክሬቫልኮሬ ተወለደ። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ ደም ከልብ ወጥቶ በሰውነት ውስጥ በመዘዋወር ተመልሶ ወደ ልብ እንደሚገባ የሚያስረዳውን ታዋቂ መጽሐፉን አሳተመ። የሕፃኑ ልደትና የመጽሐፉ መታተም በአንድ ዓመት መዋላቸው በአጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን ሃርቬይ ሳይፈታ የተወውን እንቆቅልሽ ከጊዜ በኋላ የፈታው ይኸው ሕፃን ሆነ።

ማልፒጊ በ1646 ወደ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያ ፍልስፍና ተማረ። ትምህርቱን በመከታተል ላይ ሳለ በ1649 አባቱና እናቱ ሞቱበት። የቤቱ የበኩር ልጅ እርሱ ስለ ነበር ትምህርቱን አቋርጦ ታናናሾቹን የማሳደግና የቤተ ሰቡን ንብረት የማስተዳደር ኃላፊነት በትከሻው ላይ ወደቀ። ይህም ሁሉ ሸክም ከዓላማው አላናወጠውም። ነገሮችን አስተካክሎ ወደ ዩኒቨርሲቲው በመመለስ ሕክምና ተምሮ በ1653 በሕክምናና በፍልስፍና የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

በዚያን ዘመን በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጥ የነበረው የሕክምና ትምህርት የተመሠረተው ጋሌን የተባለው የጥንት ሐኪም ከ1400 ዓመታት በፊት በጻፋቸው መጻሕፍት ላይ ነበር። ብዙዎቹ መምህራን እውነትን የሚፈልጉት በመጽሐፍ ገጽ እንጂ በራሱ በሰውነት ውስጥ አልነበረም። ከዚህ ልማድ ከወጡት ጥቂት መምህራን አንዱ የማልፒጊ አስተማሪ ባርቶሎሜዎ ማሳሪ ነው። ማሳሪ ዘጠኝ ተማሪዎችን መርጦ በገዛ ቤቱ እየሰበሰበ የእንስሳትንና የሰውን አስከሬን ያስመረምራቸው ነበር። ማልፒጊ ከዘጠኙ አንዱ ሲሆን ጠለቅ ብሎ የመመርመርን ልማድ ያገኘው ከዚህ ቤት ነው። የትዳር ጓደኛውን ያገኘውም ከዚሁ ቤት ነው፤ የማሳሪን እኅት ፍራንቼስካን አግብቶ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አብሯት ኖረ።

በ1656 የቶስካናው ታላቅ መስፍን ፌርዲናንዶ ዳግማዊ በፒሳ ዩኒቨርሲቲ እንዲያስተምር ጠራው። በዚያም ጆቫኒ ቦሬሊ ከተባለ የሒሳብ ሊቅ ጋር ተዋወቀ። ቦሬሊ የሰውነትን ሥራ እንደ መኪና በመለኪያና በሒሳብ ለማስረዳት የሚጥር ሰው ነበር። ሁለቱ ወዳጆች በየጊዜው እየተገናኙ እንስሳትን ይመረምሩ፣ ያዩትንም ይከራከሩበት ነበር። ይሁን እንጂ የፒሳ አየር ለጤናው ስላልተስማማውና የቤተ ሰብ ጉዳይም ስለ ጠራው ማልፒጊ በ1659 ወደ ቦሎኛ ተመለሰ።

ከላይ እንደ ተጠቀሰው ሃርቬይ ሳይፈታው የቀረ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ደም በደም ቅዳዎች ከልብ ወጥቶ በደም መልሶች እንደሚመለስ ሃርቬይ በማስረጃ አረጋግጧል፤ ነገር ግን ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚያሻግረውን መንገድ አላየም። ያለ ማይክሮስኮፕ ሊያየውም አይችልም ነበር። ማልፒጊ ይህን መንገድ ለማግኘት በመጀመሪያ የትልልቅ እንስሳትን ሳንባ መረመረ፤ ሆኖም ሥጋው ድፍን በመሆኑ ብርሃን አላሳልፍ አለው። በኋላ ግን የእንቁራሪትን ሳንባ መረጠ። የእንቁራሪት ሳንባ ስስና ብርሃን አስተላላፊ ስለ ሆነ በማይክሮስኮፕ ሲመለከተው ደሙ በእጅግ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ አልፎ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ ሲሻገር አየ። ይህንንም ለቦሬሊ በጻፋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ገልጾ በ1661 አሳተመው። ሃርቬይ ግን በ1657 ስለ ሞተ የሐሳቡን ፍጻሜ ለማየት አልበቃም።

ማልፒጊ ከ1662 እስከ 1666 በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ በመምህርነት ሠራ። በመሲናም የጋሌን ተከታዮች ተቃውሞ አልተለየውም። እርሱ ግን በዚያው ጊዜ የምላስን፣ የአንጎልንና የቆዳን ረቂቅ አሠራር መረመረ። ወደ ቦሎኛ በተመለሰበት በ1666 ስለ ጉበት፣ ስለ አንጎል፣ ስለ ኩላሊትና ስለ ጣፊያ አሠራር የሚናገረውን መጽሐፉን አሳተመ።

ማልፒጊ ስለ ኩላሊት ያደረገው ምርመራ ምን አዲስ ነገር እንዳስገኘ ለመረዳት ከእርሱ በፊት ይታወቅ የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጋሌን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱትን ሁለት ቧንቧዎች በሕያዋን እንስሳት ላይ በክር አሥሮ ፊኛው ባዶ ሲቀር ተመልክቷል። በዚህም ሽንት የሚመነጨው ከፊኛ ሳይሆን ከኩላሊት መሆኑን አረጋግጧል። ኩላሊት ሽንትን ከደም የሚለየው እንዴት እንደ ሆነ ሲጠየቅ ግን መልሱ ኩላሊት በተፈጥሮው የመሳብ ኃይል አለው የሚል ብቻ ነበር። የኩላሊት ሥጋም ድፍን ነገር ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በ1662 ሎሬንዞ ቤሊኒ የተባለ የፒሳ ወጣት ኩላሊት ድፍን ሥጋ ሳይሆን እጅግ ብዙ ቀጫጭን ቧንቧዎች ያሉበት መሆኑን ገለጠ። ነገር ግን ቧንቧዎቹ ከየት እንደሚጀምሩ አልታወቀም።

ማልፒጊ በዚህ ጥያቄ ላይ ሥራውን ጀመረ። የአልኮል መጠጥ ንጥርን ከጥቁር ቀለም ጋር ቀላቅሎ ወደ ኩላሊት በሚገባው ደም ቅዳ በኩል አስገባ። ከዚያም ኩላሊቱን በቁመቱ ሰንጥቆ ከላዩ ያለውን ክፍል በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ደም ቅዳው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ በየጫፉ ላይ የጠቆሩ ድብልብል ነገሮች እንደ ፍሬ ተንጠልጥለው ታዩት። ብዛታቸው ሊቆጠር የማይችል ነበር። እነዚህ ድብልብሎች ከእርሱ በኋላ የማልፒጊ አካላት ተብለው በስሙ ተጠርተዋል።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጥያቄ ድብልብሎቹ ከሽንት ቧንቧዎች ጋር መገናኘታቸውን ማረጋገጥ ነበር። ማልፒጊ ቀለም በሽንት ቧንቧ በኩል ወደ ኋላ አስገብቶ ሞከረ፤ ቀለሙ ከድብልብሎቹ አልደረሰም። በሕይወት ባለ ውሻ ላይም የኩላሊቱን ደም መልስና የሽንት ቧንቧ አሥሮ ኩላሊቱ ሲያብጥ ግንኙነቱ ይታይ እንደ ሆነ መረመረ፤ አሁንም አልተሳካለትም። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ ያየውንና የገመተውን ለይቶ ጻፈ። ድብልብሎቹ ከደም ቅዳ ጋር መያያዛቸውን አይቷል፤ ሽንት ከደም የሚለየው በእነርሱ ውስጥ ሳይሆን እንዳልቀረ ደግሞ ከአሠራራቸው ተነሥቶ ገምቷል። ግምቱን እንደ ታየ ነገር አድርጎ ቢያቀርብ ኖሮ በጊዜው ሊያጋልጠው የሚችል መሣሪያ ያለው ሰው አልነበረም። እርሱ ግን አላደረገውም።

የማልፒጊ ዝና ከኢጣሊያ ውጭ እየተሰማ ሄደ። የሎንዶን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር በ1667 ደብዳቤ ጻፈለት፤ በ1669ም አባል አደረገው። በዚያው ዓመት ስለ ሐር ትል ያዘጋጀው ጥናት በማኅበሩ አማካይነት ታተመ። ከዚህም በኋላ ጫጩት በእንቁላል ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚያድግና የዕፀዋት ግንድና ቅጠል ከምን እንደ ተሠራ የሚያስረዱ መጻሕፍትን አሳተመ።

በአገሩ ግን ኑሮው የሰላም አልነበረም። በ1684 ቤቱ በእሳት ተቃጥሎ ማይክሮስኮፖቹ፣ መጻሕፍቱና በርካታ ጽሑፎቹ ወደሙ። ከዚህም በላይ ጂሮላሞ ስባራሊያ የሚባል የቦሎኛ መምህር ይቃወመው ነበር። በሁለቱ ሰዎች ቤተ ሰቦች መካከል ከድንበር የተነሣ የቆየ ጠብ ቢኖርም ስባራሊያ በ1689 ያሳተመው ጽሑፍ የድንበር ነገር አልነበረም። ጽሑፉ የዕጢዎችን፣ የዕፀዋትንና የነፍሳትን ረቂቅ አሠራር መመርመር አንድም በሽተኛ አያድንም፤ ሐኪም ጊዜውን በሽተኛ በማከም ማሳለፍ ይገባዋል የሚል ነበር። ይህ ትችት ማልፒጊን ክፉኛ አሳዘነው። ነገሩ ቀላል አልነበረምና፤ የኩላሊትን ድብልብል በማየቱ በዚያን ጊዜ አንድ የኩላሊት በሽተኛ ተፈወሰ ብሎ ሊያሳይ አይችልም ነበር። ቢሆንም ለተቺው ረጅም መልስ ጻፈ። የመልሱ ፍሬ ነገር የአንድ መሣሪያ አሠራር ሳይታወቅ ብልሽቱን ማወቅ አይቻልም የሚል ነው።

ማልፒጊ በ1691 የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሴንት 12ኛ ሐኪም ሆኖ ወደ ሮማ ሄደ። ጤናው ግን ከድሮም የደከመ ነበር፤ ሪህና የኩላሊት ሕመም ያሠቃዩት ነበር። በ1694 ባለቤቱ ሞተች፤ እርሱም በዚያው ዓመት በኖቬምበር መጨረሻ በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ በ66 ዓመቱ ሞተ። ጆርጆ ባሊቪ የተባለ ሐኪም አስከሬኑን ሲመረምር ከኩላሊቶቹ አንዱ ከሌላው እጅግ አንሶ አገኘው። የኩላሊትን ምሥጢር ሲመረምር የኖረው ሰው በራሱ ኩላሊት ሲታመም ኖሯል። ለስባራሊያ የጻፈው መልስና የሕይወቱ ታሪክ ከሞተ በኋላ በ1697 በሎንዶን ታተሙ።

ማልፒጊ በግምት የተወው ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ 176 ዓመታት አለፉ። በ1842 ዊልያም ቦውማን የተባለ የ25 ዓመት እንግሊዛዊ ሐኪም በተሻሻለ ማይክሮስኮፕ እየታገዘ ድብልብሉ የተጠማዘዙ ቀጫጭን የደም ሥሮች ጥቅልል መሆኑን፣ በዙሪያውም ጽዋ መሰል ሽፋን እንዳለና ይህ ሽፋን የሽንት ቧንቧው መነሻ መሆኑን አሳየ። ማልፒጊ ሊያገናኛቸው ያልቻሉት ሁለት ነገሮች በዚህ ተገናኙ። በ1862 ጀርመናዊው ያኮብ ሄንሌ ቧንቧው ወደ ኩላሊቱ ውስጠኛ ክፍል ወርዶ እንደ ቀለበት ታጥፎ እንደሚመለስ ገለጠ። በ1924 ደግሞ አሜሪካዊያኑ ጆሴፍ ዌርንና አልፍሬድ ሪቻርድስ ከጠጉር በቀጠነ የመስታወት ቧንቧ ከእንቁራሪት ኩላሊት ጽዋ ውስጥ ፈሳሽ ቀዱ። በፈሳሹ ውስጥ ስኳር ተገኘ፤ በፊኛው ውስጥ ካለው ሽንት ግን ስኳር አልተገኘም። ስለዚህ በጽዋው ውስጥ የተጣራው ስኳር በቧንቧው መንገድ ላይ ወደ ደም እንደሚመለስ ታወቀ። ማልፒጊን የረዳችው እንቁራሪት ተከታዮቹንም ረዳች።

ዛሬ የሚታወቀው የኩላሊት አሠራር በአጭሩ የሚከተለው ነው። በአንድ ኩላሊት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ማጣሪያዎች ይገኛሉ። የእያንዳንዱ ጥቅልል ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ከሥሩ የሚነሣው ቧንቧ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ደም በጥቅልሉ ውስጥ ሲያልፍ ውኃ፣ ጨው፣ ስኳርና የሰውነት ቆሻሻ በሥሩ ግድግዳ ሾልከው ወደ ጽዋው ይገባሉ፤ የደም ሕዋሳትና ትልልቅ ፕሮቲኖች ግን በደሙ ውስጥ ይቀራሉ። በዚህ ዓይነት በአንድ ቀን ውስጥ የሚጣራው ፈሳሽ 180 ሊትር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው።

የቀረው የት ይሄዳል? የቤት እመቤት እህል ስትለቅም ጠጠሩን አውጥታ ትጥላለች እንጂ እህሉን ከሰፌዱ አታነሣውም። ኩላሊት ግን ሁሉንም በአንድነት ካፈሰሰ በኋላ የሚጠቅመውን አንድ በአንድ ለቅሞ ይመልሳል። የቧንቧው መጀመሪያ ክፍል ሕዋሳት እንደ ብሩሽ ጥቅጥቅ ያለ ጠርዝ አላቸው፤ በዚህም ስኳሩን በሙሉ፣ ከውኃውና ከጨው ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን መጥጠው ለደም ይመልሳሉ። የታጠፈው ክፍልና ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ቧንቧ የቀረውን እንደ ሰውነት ፍላጎት ያመዛዝናሉ። ሰው ውኃ ሲጠማው ሽንቱ የሚያንሰውና ቀለሙ የሚደምቀው ከዚህ የተነሣ ነው። በእውነትም ኩላሊት ያመላልሳል፤ የሚያመላልሰው ግን ሐሳብ ሳይሆን ውኃና ጨው ነው።

ሽንት ከተዘጋጀ በኋላ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር በሚረዝሙ ሁለት ቧንቧዎች ወደ ፊኛ ይወርዳል። የቧንቧዎቹ ግድግዳ ጡንቻ ስላለው እንደ ማዕበል እየተኮማተረ ሽንቱን ወደ ታች ይገፋዋል። የፊኛው የውስጥ ልባስ ከተደራረቡ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ፊኛው ባዶ ሲሆን የላይኞቹ ሕዋሳት ጉብ ጉብ ይላሉ፤ ሲሞላ ግን ጠፍጣፋ ሆነው ይለጠጣሉ። በዚህ ምክንያት ፊኛ ሳይቀደድ ይሰፋል፤ ሽንቱም ተመልሶ ወደ ሰውነት አይሰርግም።

ስባራሊያ ያነሣው ጥያቄም ዘግይቶ መልስ አግኝቷል። በ1827 ሪቻርድ ብራይት የተባለ የሎንዶን ሐኪም በሽንት ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን የኩላሊት በሽታ ምልክት መሆኑን ገለጠ፤ የማጣሪያው አሠራር ከታወቀ በኋላም ፕሮቲን ሾልኮ የሚወጣው ማጣሪያው ሲጎዳ መሆኑ ተረጋገጠ። በ1943 ሆላንዳዊው ሐኪም ዊለም ኮልፍ የበሽተኛን ደም በስስ ቧንቧ ውስጥ አሳልፎ የሚያጥብ ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሠራ። በ1945ም በዚህ መሣሪያ የታከመች አንዲት ሴት ከሞት ተረፈች። ኩላሊት በስስ ግድግዳ የሚያጣራ መሆኑ ባይታወቅ ኖሮ እርሱን የሚተካ መሣሪያ ይሠራል ብሎ የሚያስብ አይገኝም ነበር። ስባራሊያ ጥቅሙን በአንድ ሰው ዕድሜ ለካው፤ የዕውቀት አዝመራ ግን ዘሪው ካለፈ በኋላ የሚሰበሰብበት ጊዜ ብዙ ነው። ማልፒጊ ያየውን አየሁ፣ ያላየውን አላየሁም ብሎ በመጻፉ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሥራቸውን ከየት እንደሚጀምሩ ዐወቁ።

መልመጃ

1. ሃርቬይ ሳይፈታ የተወው እንቆቅልሽ ምን ነበር? ማልፒጊስ እንዴት ፈታው?
2. ማልፒጊ ስለ ኩላሊት በዓይኑ ያየውንና የገመተውን ለይታችሁ ጻፉ።
3. ከጋሌን እስከ ሪቻርድስ ድረስ ያሉት ተመራማሪዎች ስለ ኩላሊት ያገኙትን በጊዜ ቅደም ተከተል በሠንጠረዥ አመልክቱ።
4. በምንባቡ ውስጥ ማዕበል፣ ልባስ፣ ጠርዝ፣ አዝመራ የሚሉት ቃላት የያዙትን ፍች ጻፉ፤ እያንዳንዱንም በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቡ።
5. ከምንባቡ ውስጥ አምስት ውስብስብ ዓረፍተ ነገሮችን አውጥታችሁ ዋናውንና ጥገኛውን ሐረግ ለዩ።
6. ጥቅሙ ወዲያው የማይታይ ምርምር ሊደገፍ ይገባዋልን? የስባራሊያንና የማልፒጊን ሐሳብ በማነጻጸር አንድ ገጽ የሚሆን ድርሰት ጻፉ።